ቀኖናዬ መብላት ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከዚህ ደዌ ካወጣሽኝ በጽሑፍ እመሰክራለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። የተሳልሁት ከደረሰልኝ ቆይቷል፤ የዘገየሁት ስለማፍር ነው። ከካንሰር ተፈወስሁ ብሎ መመስከር አያሳፍርም። መብላት አቅቶኝ ነበር፣ አሁን እበላለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት መናገር ግን በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ራብ ምን እንደ ሆነ ከሚታወቅበት አገር መጥቶ፣ እህል በተትረፈረፈበት አገር ወዶ የተራበ ሰው ምን ብሎ አፉን ይከፍታል?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በቀን ስንት ካሎሪ እበላ እንደ ነበርና ክብደቴ ስንት ደርሶ እንደ ነበር አልጽፍም። ታምሜ ሳለሁ የሌሎችን ታሪክ አነብብ የነበረው ለመዳን አልነበረም፤ ከመካከሉ ቁጥሩን ለቅሜ፣ ከእነርሱ አንሼ ለመገኘት ነበር። እንደዚያ የሚያነብብ ሰው ዛሬም እንደሚኖር ስለማውቅ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ2009 ዓ.ም. ሲሆን የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሌሊት እየሠራሁ ቀን ስማር በመጀመሪያው ዓመት ክብደት ጨመርሁ፤ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይም አንዲት የማከብራት ሴት በሰው መካከል «ወፈርሽ እኮ!» አለችኝ። ይህ ቃል በእናቴ አፍ ምርቃት ነው፤ ልጄ ተመቻት፣ ደላት ማለት ነው። ባሕር ሲሻገር ግን ትርጉሙ ተገልብጦ እንደሚጠብቀን ልብ አላልሁም ነበር። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንሁ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ 20ና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ከእያንዳንዱ ምግብ ስም አጠገብ ካሎሪውን እንዲጽፉ የሚያስገድደው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ለሌላው ሰው መረጃ ነው፤ እኔን ግን ከስልኬ ቀና ስል ግድግዳው ይቆጥርልኝ ጀመር።

ከዚያም ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁ። ሙዙን ከነልጣጩ መዝኜ፣ ልጣጩን ለብቻው መዝኜ፣ ልዩነቱን መዘገብሁ። ሽሮ ስሠራ ዘይቱን በማንኪያ ሳይሆን በግራም ለካሁ። ያሸነፈኝ እንጀራ ነበር። አንዱ ንጹሕ ጤፍ ነው፣ ሌላው ገብስና ሩዝ ተቀላቅሎበታል፤ አንዱ ስስ ነው፣ ሌላው ወፍራም፤ አፑም ውስጥ ሰው እንደየመሰለው ያስገባው የማይገናኝ ቁጥር ነበር። ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ወረቀት አንጥፌ፣ መዳፍ የምታክል ቁራሽ እንጀራ አስቀምጬ ስጨነቅ አመሻለሁ። በመጨረሻ ምንም ቢሆን በማሸጊያ ተጠቅልሎ ቁጥር የተጻፈበት ነገር ይሻላል አልሁና እንጀራ ተውሁ። ሊቆጠር ስላልቻለ ከገበታዬ የወጣው የመጀመሪያው ምግብ ያደግሁበት እንጀራ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ሕመሜን በጾም መሸፈኔ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን የሠራችው ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለሚሆን፣ መብላት ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አይገኝም። ግብዣ ሲመጣ «ጾም ነው» እላለሁ፤ ፍስክ ሲሆን «ዛሬ እቆርባለሁ» እላለሁ። ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት በእኔ ዘንድ ቀንም ሁለት ቀንም ይሆን ነበር። ከመስከረም 26 ጀምሮ የሚጾመው ጽጌ የፈቃድ ጾም መሆኑን እያወቅሁ ግዴታ አደረግሁት፤ እርሱ አልቆ በኅዳር 15 የነቢያት ጾም እስኪገባ ያሉት ቀኖች እንኳ ይረዝሙብኝ ነበር። ሰው «እንዴት ያለች መንፈሳዊት ልጅ ናት» ይል ነበር። እኔም አምን ነበር። ወደ እግዚአብሔር የማቀርበው ጸሎት «ራቡን አርቅልኝ፣ ጽናቱን ስጠኝ» የሚል ነበር፤ ይኸኛው ጸሎቴ ስላልተሰማ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሰውነቴ የደረሰበትን ባጭሩ ልለፈው። ፀጉሬ በማበጠሪያ ይወጣ ነበር፤ የወር አበባዬ ከቀረ ቆይቷል፤ በሐምሌ ሙቀት ጋቢ ለብሼ እቀመጥ ነበር፤ የልቤ ምት ከመዘግየቱ የተነሣ ሐኪሙ የልብ ምርመራውን ሁለት ጊዜ አስደገመው። የሕመሙን ስም፣ አኖሬክሲያ (ክብደት መጨመርን ፈርቶ ራስን ማስራብ)፣ ያን ጊዜ ነገሩኝ። እኔ ግን ይህ የፈረንጅ ሴቶች በሽታ ነው ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 13 ቀን ስለ ነበር፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል የዋለው ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ነው። በዕለቱ መምህሩ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ተናገሩ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ጊዜ ኃጢአቱና ያ ውኃ በሚዛን ሲቀመጡ፣ በእርሷ አማላጅነት ውኃው መዘነ። እኔ ግን ሚዛን የሚለውን ቃል በሰማሁ ጊዜ አእምሮዬ እንደ ልማዱ መቁጠር ጀመረ። ጥርኝ ውኃ፣ ዜሮ። ውኃ በእኔ መዝገብ ውስጥ ቁጥር የሌለው፣ ስለዚህም የማልፈራው ብቸኛ ነገር ነበር። ታዲያ እኔ ዜሮ ብዬ የምመዘግበው ነገር በዚያ ሚዛን ላይ 78 ነፍስ አነሣ። ይህን ሳስብ ዓመታት ያመንሁት ሚዛን ከእግዚአብሔር ሚዛን ጋር አንድም ቀን ተስማምቶ እንደማያውቅ ገባኝና በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስሁ። ስለቴን የተሳልሁት ያኔ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ቀርቤ ኃጢአቴ ሆዳምነት ነው አልኋቸው። እውነቴን ነበር። ቀንና ሌሊት የማስበው ስለ ምግብ ነበር፤ በሕልሜ ቂጣ በቅቤ እበላለሁ፤ የማልቀምሰውን ወጥ አሠራር በስልኬ ስመለከት ሌሊቱ ይነጋል። አባቴ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። ከነጠላው ሥር አወጣሁት። በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት ካዩት በኋላ «ልጄ፣ የሆዳም እጅ እንዲህ አይሆንም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ሚዛኑን፣ አፑን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት። ስግደትና ጾም ይጨምሩብኛል ብዬ ስጠብቅ የሰጡኝ ቀኖና እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቀኖናሽ መብላት ነው። ሐኪም ዘንድ ትሄጂያለሽ፤ ያዘዙልሽን፣ ባዘዙልሽ ሰዓት፣ ወተትም ቢሆን ዕንቁላልም ቢሆን ትበዪያለሽ። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ የምትበላውን ስጧት አለ እንጂ ጹሚ አላላትም።»

በዐቢይ ጾም ዕንቁላል ብዪ የተባለ ሰው የሚሰማውን ኀፍረት የሚያውቀው ያውቀዋል። ተከራከርሁ። አባቴም ሥርዓቱ ለታመመ ሰው እንደሚራራ፣ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ከሲራክ 38ኛ ምዕራፍ ጠቅሰው አስረዱኝና «ይህን ቀኖና ካፈረስሽ ንስሐሽን አፈረስሽ» ብለው ዘጉት።

በሕክምናው በኩል ብዙ ሰው ረድቶኛል፤ ከሁሉም ያልረሳሁት ግን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የነገረችኝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቃደኛ ሆነው በሳይንቲስቶች ክትትል ሥር ለ24 ሳምንት ምግብ ተቀንሶባቸው እንደ ነበር ተረከችልኝ። እነዚያ ወንዶች ስለ ምግብ ማለም፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ፣ ሳሕን መላስ፣ በሙቀት መካከል መብረድ ጀመሩ። ለካ ኃጢአቴ ነው ብዬ ለአባቴ የተናዘዝሁት የራብ ምልክት ኖሯል! ደግሞም በአሜሪካ አንድ የታሸገ ምግብ ሲመረመር ካሎሪው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ እንኳ በሕግ እንደማያስጠይቅ ነገረችኝ። በዚያ ሌሊት ከድንጋጤ የተነሣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዓመታት በግራም የሰገድሁለት ቁጥር ራሱ ግምት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲበላ በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ተዛብተው ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የእኔ ምግብ የጨመረው ቀስ በቀስ፣ በደም ምርመራ እየታገዘ ነው። ይህን አንብባ ዛሬውኑ ብቻዋን የምትጀምር እህት ብትኖር፣ እባክሽ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ሦስት ጊዜ መክሰስ ታዘዘልኝ፤ የሚያቀርብልኝም ሌላ ሰው እንዲሆን ተባለ። እናቴ በመጋቢት ከአዲስ አበባ የመጣችው ለዚህ ነው። ስለ በሽታው ስም ብዙ አልጠየቀችኝም። ሚዛኑን መደርደሪያ ላይ ስታገኘው ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝና ስነግራት ዝም አለች፤ በማግሥቱ ባትሪዎቹ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ውስጥ ነበሩ። እርሷ ግን ጾሙን አጥብቃ ትጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ እየዋለች በየማለዳው ለእኔ ዕንቁላል ትጠብሳለች፣ ወተት ታፈላለች። «እማዬ፣ አንቺ እየጾምሽ እኔ ፊትሽ ቁጭ ብዬ...» ብዬ ስጀምር፣ «አባትሽ ያዘዙሽን አድርጊ» ትለኛለች፤ አባትሽ የምትላቸው የንስሐ አባቴን ነው። እበላ ነበር፤ ነገር ግን በልቤ እየቆጠርሁ ነው። ሚዛኑ ቢሞትም ዓይኔ ሚዛን ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሕማማት እስኪገባ ድረስ የእመቤታችንን ውዳሴ እየደገምሁ የለመንሁት ይህችን ብቻ ነው፤ አንዲት ጉርሻ ሳልቆጥር እንድውጥ።

ሚያዝያ 7፣ ቀዳም ስዑር። እናቴ ከዓርብ ጀምሮ አክፍላ ነበር። ሁለት ጎረቤቶቻችንም አክፍለው መጥተው ለፋሲካ የሚሆነውን ዶሮ ወጥ አብረን እንሠራለን። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ቁሌት ሲመታ ዋለ፤ በርበሬው ገባ፤ ቅቤው ገባ፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ገባ። ሦስቱም ሴቶች ድስቱ ላይ አጎንብሰው በማሽተት ብቻ ይፈርዱ ነበር፤ አንዷ ጨው በዝቷል ትላለች፣ ሌላዋ አንሷል። እናቴ ድንገት ወደ እኔ ዘወር ብላ «ቅመሺልኝ እስቲ፤ በዚህ ቤት የሚቀምስልን አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ።

አለመጾሜ እንደ እድፍ ያሳፍረኝ በነበረበት ቤት፣ ለሁሉም የምጠቅመው ባለመጾሜ ሆነ። መዳፌን ዘረጋሁ። እናቴ ከማማሰያው ጫፍ ትኩስ ወጥ ጠብ አደረገችልኝ፤ ላስሁት። «ጨው አንሶታል» አልሁ። ጨመረች። እንደገና መዳፌን ዘረጋሁ፣ እንደገና ላስሁ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ «አሁን ልክ ነው» አልሁ፤ ሦስቱም እፎይ ብለው ተቀመጡ። ድሮ ከማንኪያ ጫፍ የላስሁትን እንኳ ገምቼ አፑ ላይ የምመዘግብ ሰው ነበርሁ። ያን ማታ ያሰብሁት ስለ ጨው ብቻ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ፈሰክን። ከእናቴ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ፤ በእንጀራ። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛ አጎረሰችኝ፤ እርሷ የምታውቀው ቆጠራ ይኸው ነው። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ቡና ሲፈላ ፈንድሻ ቀረበ፤ በእጄ ልዘግን ስል፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድም ቁጥር በአእምሮዬ እንዳላለፈ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሰገድሁ።

ሰኞ ዕለት ቁጥሩ ተመለሰ፤ ይህን ደብቄ ብመሰክር ውሸት ይሆንብኛል። እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ እየራቀ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ አፑን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አንድ ጊዜ መልሼ ጭኜዋለሁ። እስከ አሁን የተፈቀደልኝ የረቡዕና የዓርብ ጾም ብቻ ነው፤ እርሱም ሰዓት ሳይቆይ፣ ምግቡን ብቻ ለውጬ። ንስሐ አባቴ ስልክ ስደውልላቸው እንደ ሌሎች ልጆቻቸው «ጸለይሽ ወይ?» ብለው አይጀምሩም፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «በላሽ?» ብለው ነው። በልቼ ከሆነ «በላሁ አባቴ» እላለሁ፤ ካልበላሁ «ብዪና መልሰሽ ደውዪ» ብለው ይዘጉብኛል።