ጾመኛ በቹንቾን

ፕሮፌሰሩ ማንኪያቸውን እስኪያነሡ ድረስ ጠረጴዛውን የከበብነው አሥራ አንድ ሰዎች ምግቡን እያየን ጠበቅን። ይህ አላስደነቀኝም፤ እኛም ቤት አባቴ ባርኮ ሳይቆርስ ወደ መሶቡ እጁን የሚሰድ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ በኮሪያኛ «ጃል ሞክኬሱምኒዳ» አሉ፤ «በደንብ እበላለሁ» እንደ ማለት ነው። እኔም አብሬ አልኩ። ቃሌን ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ፊቴ የቀረበው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሙዝ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆራረጠ ነገር ነበር።

ከጎኔ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዬ «ሱንዴ ይባላል፤ ቅመሽው» አለችኝ። ከምን እንደሚሠራ ስጠይቃት ስልኳ ላይ ተርጉማ አሳየችኝ፦ የአሳማ አንጀት፣ ውስጡ ደምና ቀጭን ፓስታ። አሳማ፣ ደም፣ ያውም በዐቢይ ጾም! እናቴ ብትሰማ በቀጥታ ጠበል ነበር የምትወስደኝ። ከአፌ የወጣው «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» የሚል ሆነ። ማንም ገና አንድ ጊዜ እንኳን አልጎረሰም ነበርና ሁሉም ተንከተከቱ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቁም፤ ሳህኑን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡልኝ።

ቹንቾን ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የደቡብ ኮሪያዋ የጋንግዎን ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሰው ሁሉ «ለኢትዮጵያዊ አገሩ ናት» ብሎ ነበር የሸኘኝ፤ እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያ አካባቢ ተራሮች ላይ ተዋግተዋል፤ በ1968 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው የመታሰቢያ ሐውልቱ ምርቃት ላይ ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ውኃው ዳር ዛሬም ቡና ይሸጣል። ስለ ምግቡ ግን ማንም ምንም አልነገረኝም።

በመጀመሪያ የተጣላሁት ከቾፕስቲኩ ጋር ነው። የኮሪያው ከብረት የተሠራ፣ ቀጭንና ጠፍጣፋ ስለሆነ ያንሸራትታል። ደግነቱ ሩዝና ሾርባ በማንኪያ ይበላል። አንድ ቀን ተማርሬ ቾፕስቲኩን ሩዙ መሐል ቀጥ አድርጌ ስሰካው ጓደኛዬ ደንግጣ ነቀለችው፤ ለሙታን የሚለኮሰውን ዕጣን ይመስላልና ነውር ነው። ሳህኑን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ አፍ ማስጠጋትም ነውር፣ ለራስ መጠጥ መቅዳትም ነውር። ታላቅ ሲቀዳልህ ብርጭቆህን በሁለት እጅ ትይዛለህ፤ ስትጠጣም ፊትህን ዞር ታደርጋለህ። በዚህኛው ፈተና ግን አንደኛ ወጣሁ። ለፕሮፌሰሩ ውኃ ስቀዳ ግራ እጄ ሳላስበው ቀኝ ክርኔን ደገፈ። «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «እናቴ» አልኩ። አላመኑኝም መሰለኝ።

ሁለተኛው ጭንቅ ጾሙ ነበር። «ሥጋ አልበላም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በኮሪያኛ አጥንቼ ይዤ ነበር፤ አልጠቀመኝም። በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ አዝዤ መሐሉ ላይ ቀይ የአሳማ ሥጋ ሳገኝ ሻጩ «ትንሽ እኮ ናት» አለኝ። የአትክልት ነው የተባለው ሾርባ መረቁ የደረቀ ትንንሽ ዓሣ ተቀቅሎበት የወጣ ነው። ኪምቺውም፣ በበርበሬ የቦካ ጎመን ብቻ ነው ብዬ የታመንኩበት ኪምቺ እንኳን፣ በጨው የቦካ ትንንሽ ሽሪምፕ አለበት። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እኛው አገር አላለቀም፤ ለኮሪያውያን ከየት ጀምሬ ላስረዳ? ሁለት ሳምንት በሩዝና በሙዝ ቆየሁ።

ከመኝታ ቤቴ ጀርባ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረች። ባለቤቷን ደንበኛው ሁሉ «ኢሞ» ይላታል፤ የእናት እህት፣ አክስት ማለት ነው። ምን እንደማልበላ በተሰባበረ ኮሪያኛ ዘርዝሬ ስጨርስ አጭር የተቆረጠውን ጸጉሬን አየችና «መነኩሲት ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ለካ የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም አይበሉም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይነኩም። (ሽሮን ያለ ነጭ ሽንኩርት አስቡት፤ በዚህስ የእኛ ጾም ይሻላል።) ጾም የሚለውን ቃል ስፈልግ የነበረው በከንቱ ነው። «የገዳም ምግብ» ማለት ብቻ በቂ ነበር። ወዲያው ሩዝ ላይ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ ቆስጣና የተቀቀለ የጫካ ቅጠል ደርድራ፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሳ አቀረበችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ስከፍት የምትጠይቀኝ «ባፕ ሞጎሶ?» ነው፦ ምግብ በልተሻል?

ከፋሲካ በኋላ ዳክጋልቢ አበላችኝ፤ ቹንቾን በመላ አገሩ የምትታወቅበት ምግብ ነው። ዶሮው በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ከጥቅል ጎመን፣ ከስኳር ድንች እንዲሁም ከሩዝ ዱቄት ከተሠራ ሙልሙል ጋር እፊትህ ይጠበሳል፤ መጨረሻ ላይ በተረፈው ቅባት ሩዝ ይታሻል። «ያቃጥላል፣ ትችያለሽ?» አለችኝ። ለኢትዮጵያዊ ይህ ጥያቄ ስድብ ነው። ቀመስኩት። ጎቹጃንግ የሚሉት የበርበሬ ድልሃቸው ከማቃጠሉ ይልቅ ይጣፍጣል፤ አንድ ሰው አዋዜ ውስጥ ስኳር የደፋ መሰለኝ። ዛሬ ሳላገኘው ስቀር ቢናፍቀኝም፣ ያን ቀን በሆዴ ታዝቤያለሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኪምጃንግ ደረሰ፤ ለክረምቱ የሚሆን ኪምቺ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ኢሞም ጠራችኝ። በጨው ያደረ ጎመን እንደ ተራራ ተከምሯል፤ አምስት ሴቶች የላስቲክ ጓንት አድርገው ቅጠሉን እየገለጡ የበርበሬ ድልህ ይቀባሉ። የዱቄቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እናቴ በርበሬ ስታስፈጭ ያለችበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ሳልነግራት አስታውሳ ሽሪምፕና ዓሣ ያልገባበት፣ በባሕር አረም ውኃ የተለወሰ አንድ ማሰሮ ለብቻ አስቀምጣልኛለች።

ከዚያው ማሰሮ ቅጠል ቀደደች፣ በእጇ ጠቀለለችና «አ በዪ» ብላ አፌ ውስጥ አስገባችው። እዚያም ልማዱ ይኸው ነው። እኔም አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ በምልክት ጭምር ብነግራት ሁለተኛውን ደገመችኝ። ተራዬ ሲደርስ ከእሷ የበለጠ አድርጌ ጠቀለልኩና በቀኜ ይዤ፣ በግራዬ ክርኔን ደግፌ ዘረጋሁላት። ለታላቅ ማጉረስ ይገባ አይገባ ግራ የገባቸው ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። ኢሞ አፏን ከፈተች። በዝቶባት ግማሹ ቅጠል አገጯ ላይ ተንጠለጠለ፤ እየሳቀች በእጇ ጀርባ ገፍታ አስገባችው፣ ለረጅም ጊዜ አላመጠችውና ዋጠችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች፣ ወደ ማሰሮዬ እያየች።