«መድኃኒቱ በዝቷል» የተባለላት ታካሚ

ላብራቶሪ ውስጥ ከሰው ይልቅ ከቁጥር ጋር ነው የምንውለው። ቲዩቡ ይገባል፣ ውጤቱ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይነሳል። ታካሚ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ መስኮታችን ላይ ከቆመ ግን ነገር አለ ማለት ነው።

ይቺ ታካሚ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለባት። የሆርሞኑን ምትክ ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ ከጀመረች ቆይታለች። ድካሙ ግን አልለቀቃትም። ሆዷ ይደርቃል፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሰው ሁሉ ሞቆት እሷ ሹራብ ደርባለች። የእኛ ውጤት ደግሞ መድኃኒቱ በዝቶባታል ይላል። ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች 0.08፣ በደም ውስጥ ያለው ነፃ የታይሮይድ ሆርሞን ፍሪ ቲ ፎር ደግሞ ከላይኛው ገደብ በላይ። ሐኪሟም ይህን አይተው መጠኑን ሊቀንሱላት ነው።

«በዝቶብኝ ከሆነ ለምንድነው የሚበርደኝ?» አለችን።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ቲኤስኤች የሚመነጨው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል እጢ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ቲኤስኤችን ታበዛለች፣ ሲበዛ ትቀንሳለች። ለአዋቂ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለው እንደ ኖርማል ይታያል። 0.08 የሆነበት ሰው ልቡ ቶሎ ቶሎ ቢመታ፣ ቢያልበው፣ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። እሷ ላይ ከዚህ አንዱም የለም።

አንዱ ልጅ ናሙናውን ደግሞ ሠራው። ያው ቁጥር መጣ። የማሽኑን ትክክለኛነት የምንፈትሽበት ናሙና፣ ኮንትሮሉም፣ ደህና ነው። ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «ማሽኑ ችግር የለበትም፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ» ይባላል። የክፍሉ ነባር ባልደረባችን ግን ወጥታ ታካሚዋን አነጋገረቻት።

«ከታይሮይዱ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የደም ማነስ ስላለብኝ አይረን እወስዳለሁ። ሌላ የለም።»

«ቫይታሚንስ? ለፀጉር፣ ለጥፍር የሚሆን?»

«እሱማ አለ። ግን እሱ መድኃኒት አይደለም እኮ!»

ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮግራም። አዋቂ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ፀጉሯ የሚረግፈው ምናልባት በዚያው በታይሮይዱ ነው፤ ለፀጉሯ ብላ የገዛችው ደግሞ የታይሮይዱን ምርመራ አበላሸባት።

እንዴት ቢሉ፣ ብዙ የሆርሞን ማሽኖች ሆርሞኑን ለመያዝ ራሱን ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ። በደሙ ውስጥ ባዮቲን ሲትረፈረፍ፣ ሳይጋበዝ ቀድሞ እንደገባ እንግዳ ወንበሩን ሁሉ ይይዘዋል። ማሽኑ የሚያነበው የቲኤስኤች ምልክት ይደክምና ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይላል። በፍሪ ቲ ፎር ምርመራ ግን ስሌቱ ግልባጭ ነው፤ ምልክቱ ሲደክም ማሽኑ «ሆርሞኑ ብዙ ነው» ብሎ ያነባል። ሁለቱ ሲደመሩ መድኃኒት የበዛበት ሰው ውጤት ቁጭ ይላል። ሁሉም ማሽን በዚህ ዘዴ አይሠራም፤ የእኛው ግን ይሠራል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ባዮቲን ያስጠነቀቀው ለታይሮይድ ብቻ ብሎም አይደለም፤ ባዮቲን ለልብ ሕመም የሚታየውን ትሮፖኒንንም በሐሰት ዝቅ ያደርጋል።

ባልደረባችን ስልኳን አነሳች። «ዶክተር፣ መጠኑን ከመቀነስዎ በፊት አንድ ጊዜ እንድገመው» አለች። ምስጋና ይግባቸውና ታገሡ። ባዮቲኑ ቢያንስ ለ2 ቀን መቆም አለበት፤ የእሷ መጠን ከፍ ያለ ስለሆነ ከዚያም በላይ እንዲቆይ አደረግን። ደሙም ጠዋት፣ ክኒኑ ከመወሰዱ በፊት እንዲቀዳ ተነገራት። ሌቮታይሮክሲን ከተዋጠ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ፍሪ ቲ ፎርን ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

አዲሱ ውጤት ቲኤስኤች 11 ሆነ። ፍሪ ቲ ፎሯ ዝቅተኛ። ቢቀነስባት ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር አስቡት!

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ መጠኑን መጨመር ነው። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ አወሳሰዷን ጠየቋት። እንዳትረሳ ብላ አይረኑንና ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት አንድ ላይ ነው የምትውጠው። አይረንና ካልሲየም ሆድ ውስጥ ከሆርሞኑ ጋር ይተሳሰሩና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። ክኒኑ ደግሞ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ። መጠኑ ሳይነካ ሰዓቱ ብቻ ተቀየረ።

በሳምንቱ ልትመረመር መጣች። መለስናት። የሌቮታይሮክሲን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 7 ቀን ገደማ ነው፣ ፒቱታሪም ቶሎ አትነቃም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ የሚታይ ቲኤስኤች ሰውን ከማወዛገብ በቀር የሚፈይደው የለም።

በነገራችን ላይ፣ አልሻል ያለው ሰው ረጅም የምርመራ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። አይፈረድበትም። እኔ ግን ገንዘቡ ያሳዝነኛል። ሰውነት በራሱ ታይሮይድ ላይ መነሳቱን የሚያሳየው የቲፒኦ አንቲቦዲ የሕመሙን መነሻ ለማወቅ አንዴ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ሃሺሞቶ የሚባለው ይኸው ሕመም መሆኑ ከታወቀ በኋላ በየጊዜው መደጋገሙ መጠኑን አይቀይርም። ሪቨርስ ቲ ስሪ የሚባለው ምርመራ ለተለመደ ክትትል አያስፈልግም። ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ ስሪም ሕመሙ እያለ ኖርማል ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል ያዘናጋል። ቲኤስኤች ከፍሪ ቲ ፎር ጋር አብዛኛውን ነገር ይነግራል። ችግሩ ከፒቱታሪ ከራሷ ከሆነ ግን ቲኤስኤች አይታመንም፤ ያኔ የሚታየው ፍሪ ቲ ፎር ነው።

ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤቿ ገደቡ ውስጥ ገባ። ብርዱና የሆድ ድርቀቱ ተዋት። ድካሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ሐኪሟ ታይሮይዱን ትተው የሰውነትን የአይረን ክምችት የሚያሳየውን ፌሪቲንና ቫይታሚን ቢ 12 አዘዙ፤ ፌሪቲኗ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። አሁን የሚታከመው እሱ ነው።

እኛም ቅጹ ላይ «የሚወስዱት ቫይታሚን» የሚል መስመር ጨመርን። ብዙው ሰው ባዶውን ይተወዋል። ስለዚህ ደም የሚቀዱት ልጆች ራሳቸው በቃል ይጠይቃሉ፤ ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለቆዳ እያሉ አንድ በአንድ።