ድምፅ ሰጥቼ ስመጣ

ዛሬ ድምፅ ሰጥቼ መጣሁ። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም በሳሙናም አልለቅ ብሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ሳጥፍ አንድ ነገር ከነከነኝ። የእኔ ድምፅ ሚስጥር የሆነው ማንም እንዳያስፈራራኝ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1856 መንግሥት ባተመው ወረቀት በሚስጥር መምረጥ ሲጀመርም ዋናው ጉዳይ ይኸው ነበር። የመረጥነው ሰውዬስ ማንን ፈርቶ ነው የመንግሥትን ሰነድ የሚቆልፍብን? የጦር ዕቅድ ይደበቅ፣ ይገባኛል። ግን በእኛ ስም የተፈረመ፣ እኛው የምንከፍለው የብድር ውል ምኑ ነው ሚስጥሩ? ስዊድን እኮ የመንግሥት ሰነድ ለዜጋ ክፍት እንዲሆን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው፤ ያውም በንጉሥ ዘመን! «እመኑን» ይሉናል። እሺ፣ መጀመሪያ አሳዩና።

ማንን መረጥክ ለምትሉኝ ደግሞ፣ አልነግራችሁም። የእኔስ በሕግ የተፈቀደ ሚስጥር ነው 😄