የ9 ሰዓት ማዕድ በኦርላንዶ

ልጆቼ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ወዳለው ትልቅ መዝናኛ ስፍራ፣ «ዲዝኒ ወርልድ ውሰጂን» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት ተሳካላቸው። እማዬ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታለች። ባለቤቴም የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘ። ችግሩ ፈቃዱ የተሰጠው በነሐሴ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ወደቀ።

እማዬ ፍልሰታን በዋዛ አታየውም። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል መተው ብቻ አይደለም። ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ 9 ሰዓት ውኃም በአፏ አይዞርም። ጉዞውን ስነግራት ወዲያው «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው» አለች። እሷን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤታችን ትቼ መሄድ ግን አላስቻለኝም። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር አንድ ገበታ የሚቀርቡት በስንት ዓመት አንዴ ነው? ስለዚህ ጉዞውን በሙሉ ከ9 ሰዓት ተነስቼ ለማቀድ ቆረጥኩ።

ዲዝኒን የማያውቅ ሰው ምግብ ቤት መያዝ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል ይል ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አራት ፓርኮች አሉ፤ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም። ቆመው ገዝተው የሚበሉባቸው ቤቶች ችግር የለባቸውም፤ በስልክ አዝዞ መውሰድ ይቻላል። ቁጭ ተብሎ የሚበላባቸው፣ በተለይ ሚኪ ማውስና ልዕልቶቹ ጠረጴዛ ድረስ የሚመጡባቸው ቤቶች ግን የሚያዙት 60 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ዱሮማ 180 ቀን ነበር። በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ደግሞ ከሚገባበት ቀን 60 ቀን ሲቀረው፣ እስከ 10 ቀን ያለውን ቆይታውን በአንዴ መያዝ ይችላል። ውጭ ያረፈ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ቀን 60 ቀን እየጠበቀ ነው። ይህን ስሰማ ከዲዝኒ ሆቴሎች ዋጋው ረከስ ያለውን ያዝን።

የምንገባው እሑድ፣ ነሐሴ 4 ነው። በስልኬ የፈረንጁን ወር ይዤ ወደኋላ እቆጥራለሁ። ጁላይ 31፣ ጁን 30 እያልኩ ተምታታብኝ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና «ስልሳ ቀን አይደል? ሰኔ 4 ነዋ! የኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነው» አለች። ልክ ነበረች። ሁለት ወር ድፍን።

ሰኔ 4 ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። እማዬ ዳዊቷን እየደገመች ነበር። ድረ ገጹ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው ተብያለሁ፤ 12 ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ጀምሬ ስሞክር ቆየሁ። የባንክ ካርዴን ቀደም ብዬ አስገብቻለሁ፤ ያኔ ካርድ ልፈልግ ቢሉ ቦታው ያመልጣል። አንድ ነገር ሰው መክሮኝ ነበር። በጣም የሚፈለገውን ቤት ለቆይታችሁ መጨረሻ ቀን ሞክሩ፤ ለዚያ ቀን የሚሻሙት ጥቂት ናቸው። እውነት ነው። ሰኞን ስሞክር የሌለው ሐሙስን ስሞክር ብቅ ይል ነበር።

ለሰኞ አኒማል ኪንግደም ውስጥ ተስከር ሀውስ የሚባለውን ቡፌ ያዝኩ፣ ለ9፡20። ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ እራቱ ያልደረሰበት ሰዓት ስለሆነ በቀላሉ ተገኘ። ለፍልሰታ ጾመኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከምሳ በኋላ ዘግተው ለእራት የሚከፍቱ ቤቶች አሉ። ለማክሰኞ ሳና የሚባለውን ምግብ ቤት ያዝኩ፣ ለ11 ሰዓት ተኩል። ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ግን በሐሙስም በየትኛውም ቀን ለአምስት ሰው አልተገኘም። የስድስት ዓመቷ ልጄ የለመነችኝ ደግሞ እሱን ብቻ ነበር።

ሰዓቶቹን በአበሻ አቆጣጠር ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ባለቤቴ አይቶ «በሌሊት ነው እንዴ የምንበላው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ጀመርኩ። እናት ከሀገር ቤት የመጣችለት ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ቅዳሜ ከሎርተን ቨርጂኒያ በአውቶ ትሬን ተነሳን። መኪናችሁንም አብሮ የሚጭን ባቡር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ይነሳና 855 ማይል ሄዶ በማግስቱ ጠዋት ሳንፎርድ ፍሎሪዳ ያደርሳል። የመረጥነው ለእንጀራው ስንል ነው። በማቀዝቀዣ ሣጥን እንጀራ፣ ምስር ወጥና ስልጆ ጭነናል። በዚያ ላይ እማዬ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ቆልታለች። ፓርኮቹ የራስን ምግብ ይዞ መግባት አይከለክሉም። የማይፈቀደው ብርጭቆና ጠርሙስ፣ የአልኮል መጠጥና እንዲሁ የተበተነ በረዶ ነው። ከበሩ ላይ ቦርሳ የፈተሸው ልጅ ዳቦ ቆሎውን በጣቱ ነካ አድርጎ አለፈን።

ሰኞ በጠዋት ገባን። የኦርላንዶ ነሐሴ ሙቀቱ ያፍናል። ሳፋሪውን በጠዋት ጨረስን። እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ፍርፍራቸውን በሉ። እማዬን ጥላና ቀዝቃዛ አየር ያለበት ትርኢት ቤት አስቀመጥናት። ውኃ እንኳን ሳትቀምስ በዚያ ሙቀት መዋሏ አስጨንቆኝ በየአምስት ደቂቃው አያታለሁ። «አታፍጥጪብኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ።

9፡20 ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ አማተበች። ከዚያ ውኃውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ እስከ ታች ጠጣች። አስተናጋጁ ሌላ ቀዳላት፣ እሱንም ጠጣች። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ ስነግረው ሼፉን ጠራልን። ሼፉ እማዬን አጠገቡ አድርጎ ከቡፌው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም እያለ በእጁ ያሳያታል። እኔ ከኋላ አስተረጉማለሁ። አዛውንት የሚያከብር ሰው ሀገር ቤትም እንዲህ ነው የሚያደርገው።

በምግብ ዝርዝሮቹ ላይ አረንጓዴ የቅጠል ምልክት አለ። ከ2019 ጀምሮ የገባ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ማለት ነው። እማዬ «ማርም? ከኛ ጾም ይብሳል» ብላ ተገረመች። ያን ቅጠል ያገኘ ጾመኛ ግማሽ ሥራው ቀለለለት።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አልነበረም። ረቡዕ የበላንበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ቀድመን ነግረናቸው አትክልቱን በቅቤ አብስለው አመጡት። እማዬ ሽታው ሲደርሳት ሳህኑን ገፋ አደረገች። ቀየሩልን፤ ግን ተርባ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ሪዘርቬሽኑ ላይ መጻፍ አይበቃም። ስትቀመጡ ድገሙት፤ ሲያመጡም ጠይቁ። «አለርጂ አለባት በይ፣ ያኔ ይጠነቀቃሉ» ያለኝ ሰው ነበር። አልወደድኩትም። እውነተኛ አለርጂ ላለበት ሰው ወጥ ቤቱ ልዩ ጥንቃቄ ያደርጋል። በጾም ቀን፣ በእማዬ ስም፣ ያንን ውሸት አላደርገውም።

አሁን ሳናን ልንገራችሁ። አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባለው ሆቴል ውስጥ ነው። የፓርክ ትኬት አያስፈልገውም፤ ማንም ሰው ሄዶ መብላት ይችላል። በመስኮቱ በኩል ሜዳው ይታያል። ቀጭኔና የሜዳ አህያ ይግጣሉ። ስለዚህ ሳይመሽ ያዙት። ምግቡ የአፍሪካና የህንድ ድብልቅ ነው። ታዋቂው አምስት ዓይነት ቂጣና ዳቦ ከዘጠኝ ዓይነት ማባያ ጋር የሚቀርበው ነው። የቱ ቂጣ ወተት እንደሌለበት፣ የቱ ማባያ እርጎ እንዳለበት ጠይቀን የእማዬን ለየን። ልጆቹ ሹካ ሲፈልጉ እሷ ቂጣውን በቀኝ እጇ ቆረሰች። አጠቀሰችና ቃሪያ የሌለበትን መርጣ ለትንሿ ልጄ አጎረሰቻት። ቀጥላ ለወንዱ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች መብላታቸውን ትተው ያዩን ነበር። ውጭ አንዲት ቀጭኔ ከነግልገሏ ቆማለች። ለዚህች ደቂቃ ስል ነው ሰኔ 4 በሌሊት የተነሳሁት።

የቀረው ቤተ መንግሥቱ ነው። ሪዘርቬሽን ከተያዘው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከተሰረዘ ቅጣት የለውም። ከዚያ ካለፈ ወይም ካልመጡ በሰው 10 ዶላር ይቆረጣል። ስለዚህ ሰው ከቀኑ በፊት ማታና በዕለቱ ጠዋት ይሰርዛል። እኔም ረቡዕ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን አልለቀቅኩም። ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ አንድ ጠረጴዛ ብቅ አለ። ሐሙስ፣ 10፡35። ግን ለአራት ሰው ነው። እማዬ «እኔ ውጭ እቀመጣለሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ባለቤቴ ቀደማት። «እኔ ነኝ የምቀረው። እናንተ ግቡ» አለ። ያዝኩት። ወንዱ ልጄ 10 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ስለቀረው በልጅ ዋጋ ተቆጠረ። ከ10 ጀምሮ እንደ አዋቂ ነው የሚከፈለው። ዋጋው ለልጅም ቢሆን የሚከብድ ነው፤ ደብቄ አልናገርም።

ሐሙስ እማዬ የሀገር ባህል ቀሚሷን ለበሰች። ነጠላዋን አጣፋች። ትንሿ ልጄ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ እጇን ይዛታለች። ሲንደሬላ እንግዶቿን ስትቀበል መጀመሪያ ልጄን አቀፈቻት። ከዚያ ቀና ብላ እማዬን አየቻትና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እማዬም መልሳ ጎንበስ አለች። ልዕልቷ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣

«እማማ፣ ስምሽ ማን ነው እያለች ነው» አለቻት።

እማዬ ፈገግ አለች። «ወለተ ማርያም በያት» አለች።