ደብረ ብርሃን ላይ ካሜራው በከንቱ እንዳይጮህ

የግቢ ጥበቃ ካሜራ እንቅስቃሴ የሚለየው ከምስል ምስል የተለወጠውን እያየ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝም ሰው ሲገባም ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ በካሜራው የስልክ አፕ ላይ የሚከታተለውን ክልል በሩና አጥሩ ብቻ አድርጉት፤ ዛፉን ከክልሉ አውጡት። ካሜራው ሰውን ከሌላው የሚለይበት ምርጫ ካለው እሱን አብሩ። ሴንሲቲቪቲውን (ለእንቅስቃሴ ያለውን ንቃት) ከመካከለኛ ጀምራችሁ፣ ማታ ራሳችሁ በበሩ እየገባችሁ ሞክሩት።

አስቸጋሪው ጉሙ ነው። የካሜራው የሌሊት መብራት ጉሙ ላይ ነጥሮ ይመለስና ምስሉን ያነጣዋል፤ ማንቂያው መላልሶ ይጮኻል። መፍትሔው የካሜራውን መብራት አጥፍቶ ራቅ ብሎ፣ ከጎን በኩል የግቢ አምፖል ማብራት ነው። ሌንሱ ላይ የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያስጮኻል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ማንቂያው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠራ ከፈለጋችሁ አፑ ላይ 21:00 እና 06:00 ብላችሁ ሙሉ። ማሳወቂያው ከዘገየ ስልኩ ላይ አፑን ከባትሪ ቁጠባ አውጡት። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ለራውተሩም መጠባበቂያ ባትሪ አድርጉለት።