ጫማዬን የበላው ረግረግ

አየርላንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ረግረግ ጫማዬን በላብኝ። የግራውን።

የሥራ ባልደረባዬ ናት የወሰደችኝ። ቤተሰቦቿ ተርፍ፣ የረግረጉን ማገዶ፣ ሊያነሱ ነው፣ ነይ አግዢን አለችኝ። ግንቦት ነበር፤ ሰማዩም ለአየርላንድ ወጉ ጥርት ብሏል። "ቦቲ አድርጊ" ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ማን ሰምቷት! በስኒከር ሄድኩ። ደህና ሣር መስሎኝ አረንጓዴው ላይ ስቆም እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣኝ፤ ስኒከሩ እዚያው ቀረ። እጄን ሰድጄ ብፈልገው የቀዘቀዘ ገንፎ ብቻ ነው የነካሁት።

ሣር የመሰለኝ ስፋግነም የሚባል ትንሽ ተክል ነው። ውሃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ የአገሪቱ መሀል ሜዳ ላይ ብዙ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ቀሩ። ሸምበቆ ሞላቸው፤ ከዚያ ይሄ ተክል በላዩ በቀለ። የሞተው አይበሰብስም፤ ውሃው ውስጥ አየር የለማ። እንዲሁ እየተደራረበ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። እኔ የሰመጥኩበት ጉልበት የሚያህል ጥልቀት እንግዲህ የብዙ መቶ ዓመት ሥራ ነው።

ተርፍ የሚሉት ይሄንኑ በጡብ ቅርጽ ቆርጠው፣ አድርቀው የሚያነዱትን ነው። ጡቦቹን ነፋስ እንዲገባባቸው እያቋሙ መደርደር የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር አሉ። ወገብ ይቆርጣል! ጭሱ ግን ልቤን ነካው። ኩበት አይደለም፣ እንጨትም አይደለም፤ የሁለቱ ዘመድ ነገር ነው። ኩበት ስትጠፈጥፍ ላደገች ሰው እንግዳ አልሆነባትም።

ሰኞ ሥራ ስገባ ጉዴን ለአባባ ነገርኳቸው። የምሠራው አትሎን ከተማ ውስጥ፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚህ ሰማንያ ዓመት የሞላውንም ሰው በስሙ ብቻ ነው የሚጠሩት። እኔ አፌ እምቢ አለኝ፤ "አባባ" አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ሌላ ነርስ በስማቸው ስትጠራቸው ማኩረፍ ጀምረዋል። በልጅነታቸው ስላን በሚባል መቁረጫ ተርፍ ሲቆርጡ ነው ያደጉት። አካፋ አይደለም ይላሉ፣ ቆጣ ብለው፤ ጎኑ ላይ ክንፍ አለው። የመንግሥት የሆነው የተርፍ ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ተርፍ ማውጣት ማቆሙን ካወጀ ወዲህ ደግሞ ሆዳቸው አይችልም። ረግረጉ ሲቆረጥ የታመቀው ካርቦን ይወጣል ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። "ብርዱንስ ማን ያስረዳልኝ?" አሉኝ።

የጫማዬን ነገር ሲሰሙ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። "አትዘኚ፣ አይጠፋም። ሙዚየም ያስገቡልሻል።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ አገር ረግረግ የወሰደውን ያስቀምጣል። ሎንግፎርድ ውስጥ ኮርሊ በሚባል ቦታ ከኦክ እንጨት የተሠራ የጥንት መንገድ ወጥቷል። ዛፎቹ የተቆረጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ148 ገደማ ነው፤ ከግንዱ ቀለበት ቆጥረው ነው ያወቁት። ሳንቃው ከብዶት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰመጠ። የመስመጡ ነገር ነው ያተረፈው። ሰውም አስቀምጧል። በ2003 የተገኙት ሁለት ሰዎች ደብሊን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ረግረጉ ገላቸውን እንደ ቆዳ አልፍቶታል። የአንዱ እጅ ጥፍሩ ሳይቀር ይታያል፤ ቶሎ አለፍኩት፣ አልቻልኩም።

በዚህ ሁሉ መሀል ሻነን ወንዝ አለ። 360 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የአገሩ ረጅሙ። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ሻነን ማደሪያ ሞልቶታል፤ ሐይቅ ባገኘ ቁጥር ያርፋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከአትሎን ወረድ ሲሉ ዳርቻው ላይ ክሎንማክኖይዝ አለ፣ በ544 የተመሠረተ ገዳም። ዛሬ የፈረሱ ቤተ ክርስቲያናት፣ ክብ ግንብና የድንጋይ መስቀሎች ናቸው ያሉት። ምን ፈልገው እዚህ ጭቃ ውስጥ ሠሩ ብዬ ነበር። በረዶው ትቶት የሄደ የጠጠር ጉብታ ረግረጉን አቋርጦ ወንዙ ጋ ይደርሳል፤ የጥንቱ የምሥራቅና የምዕራብ መንገድ እሱ ላይ ነበር። ገዳሙ የተቀመጠው መንገዱና ወንዙ የሚገናኙበት ነው። በወንዙ ተማሪ መጣ፣ በወንዙ ቫይኪንጎችም መጥተው ዘረፉት።

ኒውግሬንጅን አላየሁም። በታኅሣሥ ጨለማ ፀሐይ የምትገባበት የ5,200 ዓመት መቃብር ነው። ያንን ቀን ውስጥ ሆኖ ለማየት ዕጣ ነው የሚወጣው፤ የእኔን ዕድል ታውቁታላችሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ እግሬን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በ2006 ቲፐራሪ ውስጥ ተርፍ የሚያወጣ ሰው በማሽን ሲቆፍር መጽሐፍ አገኘ። የ800 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ብራና። የቆዳ ሽፋኑ መዝጊያ ክዳን አለው፤ ማኅደር ነው እንዴ አልኩ። ውስጡ ደግሞ ፓፒረስ ተገኝቶበታል፣ የግብፁ። ብራናው አብዛኛው ሟሙቷል። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ግን ተርፏል፤ ብራናው ጠፍቶ ፊደሉ ብቻውን የቀረበት አለ። ከጎኑ ያለውን መግለጫ ጠጋ ብዬ አነበብኩ። ዳዊት ነው! ሲገኝ መዝሙር 83 ላይ ተከፍቶ ነበር፣ "የልቅሶ ሸለቆ" የሚለው ጋ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

"83? እሱማ የሐሙስ ነው።"

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

"ለመሆኑ ዳዊት ጭቃ ውስጥ ምን ያደርጋል?"

"ማን እንደጣለው አይታወቅም እማዬ።"

ዝም አለች። ከዚያ፦ "ምን ይጥለዋል፣ ሲሸሽ ደብቆት ይሆናላ" አለችኝ።