ድንጋይ የገመሰው የፍላጻ ጫፌ

ባለፈው የሳትኩት ፍላጻ ከኢላማው አልፎ ድንጋይ ላይ አረፈ። ሄጄ ሳነሳው ዘንጉ ደህና ነው። የጫፉ ስለት ግን የጥፍር ቁራጭ የምታክል ተገምሳለች። ስገዛው ሻጩ "ይሄ ካሉት ሁሉ ጠንካራው ነው" ብሎኝ ነበር። አልዋሸኝም። ችግሩ "ጠንካራ" የምትለው ቃል ላይ ነው።

እኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠንካራ እንላለን። መስታወት ጠንካራ ነው፣ ተራ ምስማር እንኳ በቀላሉ አይጭረውም፣ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ግን እንክትክቱ ይወጣል። ሽቦም ጠንካራ ነው፣ አጣጥፈህ ብትረግጠው አይሰበርም፣ ግን ስለት አውጣለት ብትባል አይይዝልህም። የመጀመሪያውን ጠጣር፣ ሁለተኛውን ምት ቻይ እንበለው። የአደን ፍላጻ ጫፍ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ብረት ደግሞ አንዱን ሲጨምሩለት ብዙውን ጊዜ ሌላውን ይቀንሳል። የብረት ምርጫ ጣጣው በሙሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለምን ሁለቱንም? ፍላጻ እንደ ጥይት በምት ኃይል አይደለም የሚጥለው፤ የደም ስር ቆርጦ ነው። የዶለዶመ ስለት የደም ስርን ገፍቶ ሊያልፈው ይችላል፣ የተሳለው ግን ሲነካው ይቆርጠዋል። እንስሳው ቶሎ እንዲወድቅና እንዳይሰቃይ ስለቱ ምላጭ መሆን አለበት። ከዚያ ደግሞ የጎድን አጥንት አለ፣ አንዳንዴም የትከሻ አጥንት። እዚያ ላይ ነው ምት ቻይነቱ የሚፈተነው።

ጥጣሬ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይበልጥ ጠጣር ነው። የአብዛኞቹ ጫፎች ስለት በግምት ከ50 እስከ 60 መሃል ይወድቃል። 50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለውን በተራ ሞረድ መሳል ይቻላል። ወደ 60 የተጠጋውን ግን ሞረዱ ይንሸራተትበታል፣ የአልማዝ መሳያ ያስፈልጋል። የኔው የተገመሰው ከነዚህ ነበር። ሞረድ ይዤ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፣ የተሞረደው ሞረዱ ነው።

ካርቦን ብረት የሚባለውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ስለሚዝግ። 1095 የሚባለው ዓይነት 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፣ ጥሩ ስለት ይይዛል፣ ቶሎም ይሳላል። ዝገቱ እውነት ነው። ክፋቱ ደግሞ ዝገት መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑን ቦታ ነው፣ እሱም ስለቱ ነው። አንድ እርጥብ ሌሊት ይበቃዋል። ቫዝሊን ወይም ዘይት በስሱ ትቀባዋለህ፣ አለቀ። ይሄን የሚሰንፍ ሰው ካርቦን ብረት አይግዛ።

የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) ማለት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ነው። ስለዚህ "ስቴንለስ ነው" ማለት ብቻውን ስለ ስለቱ ምንም አይነግርህም። 420 እና 440ሲ ሁለቱም ስቴንለስ ናቸው፣ ግን 440ሲ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው በደንብ ይጠጥራል፣ 420 ደግሞ ከሱ ለስለስ ይላል። ተቀያሪ ምላጭ ያላቸው ብዙ ጫፎች ከ420 ዓይነቱ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ምላጮች ከ0.7 ሚሊሜትር አይወፍሩም። ገና ከፋብሪካ ሲወጡ እጅግ ስለታም ናቸው። አጥንት ሲነኩ ሊጣመሙ ይችላሉ፣ አውጥተህ ትጥላለህ፣ አዲስ ትከታለህ። መሳል ለማይወድ ሰው መጥፎ አይደለም።

የኔ ልብ ያለው መሣሪያ ብረቶቹ፣ ማለትም መቁረጫና መምቻ መሣሪያ የሚሠራባቸው ብረቶች ላይ ነው፣ በተለይ ኤስ7 የሚባለው። ይሄ ብረት የሚታወቀው መሮና የድንጋይ መስበሪያ ጫፍ በመሥራት ነው፣ ለምት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ኤ2 ደግሞ ስለት ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ምቱን ግን እንደ ኤስ7 አይችልም። ዋጋቸው ያናድዳል። ግን አንዱን ጫፍ ደጋግሞ ስሎ ለሚጠቀም ሰው ከሚጣለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለቱን ብቻ አይቶ አካሉን፣ ማለትም ስለቶቹን የሚይዘውን የጫፉን ክፍል፣ መርሳት ሌላው የኔ ስህተት ነበር። የጫፍ ክብደት በግሬን ነው የሚቆጠረው፣ 100 ግሬን 6.5 ግራም ገደማ ነው። አሉሚኒየም ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚቀል በዚያው 100 ግሬን ውስጥ ለሰፋፊ ስለቶች ቦታ ይተርፋል። ግን ይጣመማል። በትንሹ የተጣመመ አካል ደግሞ በዓይን አይታይም፣ ፍላጻውን ስታሽከረክረው ጫፉ ሲወዛወዝ ነው የምታውቀው። ቲታኒየም መሃል ላይ ነው፣ ለአካል ግሩም ነው፣ ለስለት ግን አይሆንም፣ ቶሎ ይዶለዱማል።

ባልጩትስ? ሲሰበር የሚያወጣው ስለት ከብረት ይበልጣል፣ ቀልድ አይደለም። በ1991 አልፕስ ተራራ ላይ በረዶ ውስጥ የተገኘው የ5,300 ዓመቱ ሰው፣ ኦትዚ፣ በ2001 በራጅ ሲታይ ትከሻው ውስጥ የድንጋይ ፍላጻ ጫፍ ተገኝቷል። ሠርቷል ማለት ነው። ግን አጥንት ላይ እንደ መስታወት ይረግፋል፣ ስብርባሪው ሥጋ ውስጥ ይቀራል፣ በድንጋይ ጫፍ ማደን የሚከለክሉ ሕጎችም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋይ አትሳሉ። አንዱን ካርቦን ብረቴን እንዲህ አድርጌ ጫፉ ሰማያዊ ሆነብኝ። ያ ቀለም ብረቱ 300 ዲግሪ ገደማ ነክቷል ማለት ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ጥጣሬው ይወርዳል። ብትስለውም ቶሎ ይዶለዱማል። በእጅ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ የተወጠረ ላስቲክ ላይ ሳትጫነው አስነካው፣ ካልቆረጠው ገና ነው።

የተገመሰውን በመጨረሻ አልማዝ ገዝቼ አስተካከልኩት። አሁን ለልምምድ ብቻ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስለበላሁለት ክብደቱ ቀንሷል፣ እና ከሌሎቹ ጋር ስወረውረው ሁሌ ትንሽ ወደ ላይ ይመታል።